አንቲቦዲዬን በሐሰት ከሰስኩት

ጎንደሮች፣ ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ የደረሰብኝን ውርደት ከሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልንገራችሁ።

ለማስተርስ ጥናቴ ከሰው ናሙና ውስጥ አንዲት ፕሮቲን እፈልጋለሁ። እሷን የሚይዝልኝ አንቲቦዲ ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ጠበቅኩ። መጣ። የጣቴን ጫፍ በማታክል ብልቃጥ ውስጥ ያለች ጠብታ!

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ፕሮቲኗን ይይዛል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይይዝና ያበራል። ብርሃን ከታየ ፕሮቲኗ አለች ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨለማ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የላብራቶሪው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "የተላከልን ፎርጅድ ነው" ብዬ ለጠፍኩ። አማካሪዬም አምነውኝ "በቃ ይመለስ" አሉ። ሌላ እስኪመጣ ደግሞ ምርቃቴ ለከርሞ መሆኑ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ብልቃጥ ይዤ ስቶር ሄድኩ። ስቶሩን የያዙት አያ ደርሶ ናቸው፤ ከወለቃ የሚመላለሱ፣ አንዲት ፊደል ሳይዘሉ የሚመዘግቡ ሰው።

መነጽራቸውን አድርገው የተጻፈውን ሲገለብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

"ምነው ልጄ፣ ይኼኛው ጥንቸል ይላል፣ ያኛው አይጥ ይላል። ይተዋወቃሉ?"

እኔም ጎንበስ ብዬ አነበብኩ።

አይተዋወቁም። የመጀመሪያው አንቲቦዲ የተሠራው ከጥንቸል ነው። እኔ ግን ከአይጥ የተሠራውን ብቻ የሚይዝ ሁለተኛ ስጨምርበት ነው የከረምኩት።

"የጥንቸሉን የሚይዘውማ ፍሪጅ ውስጥ አለ" አሉ አያ ደርሶ። "አብሮት ነው የመጣ። ስትወስጂው አላየሁም።"

ተቀብያቸው ሮጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር በራች። ቀጥ ያለች፣ ሸጋ መስመር፣ በትክክለኛ ቦታዋ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ከጎን ክፍል "ምን ሆነች?" ብለው መጡ።

ከዚያ ለአማካሪዬ መንገር መጣ። በስልክ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ሰዓዳ፣ እኔም'ኮ ሦስት ሳምንት ጨለማውን አብሬሽ ሳይ ብልቃጡን አንድ ቀን አላነበብኩትም" አሉኝ።

ግሩፑ ላይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስቲከር እየዘነበብኝ ነው። አንዱማ ጥንቸልና አይጥ ሲጨባበጡ ሥሎ ልኮልኛል። ይሳቁ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ።

ግን እውነቱን ንገሩኝ፦ እናንተስ "ዕቃው ነው የማይሠራው" ብላችሁ ስትምሉ ከርማችሁ፣ ኋላ የማትሠሩት እናንተ ሆናችሁ አታውቁም? ብቻዬን አታስቀሩኝ።