የመርዝ ጋዝ ጠቋሚው የቡፌ ሹመት

ሴትየዋ ስድስት ዓመት በሆዷ ይዛው የኖረችው ቅሬታ አንድ ነው፤ በዚያ ቤት አጀንዳ ያልተያዘለት ሰው መታመም አይችልም። ይህን የላቀ ሥርዓት የዘረጉት ባሏ ናቸው። በአንድ ወቅት የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። ነዋሪው ከወንበሩ ቢያወርዳቸውም ሊቀመንበርነቱ ከሳቸው አልወረደም፤ ይዘውት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ እንኳ የሚገዛው በድምፅ ብልጫ ነው። ድምፅ ያላቸው ሊቀመንበሩና ታናሽ ወንድማቸው፣ አማካሪው፣ ናቸው። ሚስት በታዛቢነት ትገኛለች፤ ሻይም ታቀርባለች።

የሴትየዋ እናት የሚተኙት ከኋለኛው ክፍል ነው። ከአልጋቸው ራስጌ በላይ፣ ከእሳቸው እኩል ያረጀ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል። ሊቀመንበሩ ጠዋት ገላቸውን በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ፣ ከወዲህ አሮጊቷ ራሳቸውን ይዘው ያቅለሸልሻቸዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እማዬ ግቢ ስትቀመጥ ይተዋታል፤ ክፍሏ ስትገባ ይነሳባታል። ማሞቂያው ነው» ትላለች ሴትየዋ።

«እርጅና ነው» ይላሉ ሊቀመንበሩ። «እርጅና ደግሞ ቤት ውስጥ ይብሳል።»

ፊደል ብዙም ያልገፋች ሴት ለዚህ ጥልቅ ሳይንስ ምን ትመልሳለች? ነርሷ ልጇ ለጥየቃ ስትመጣ ጉዳዩን አዋየቻት። ልጅቷም በሳምንቱ መዳፍ የምታክል ነጭ መሣሪያ ይዛ መጣች።

«እማ፣ የሚያሳምማት ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ እሳቱ በደንብ ካልነደደ ወይ የጭስ ማውጫው ከተበላሸ ቤቱን ይሞላዋል። ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ ነው የሚወስደው። ይሄ ጋዙ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ነው፤ አያቴ ከምትተኛበት ክፍል በር አጠገብ ስቀሉት። መጋረጃ አይከልለው፣ ዕቃ ውስጥ አይግባ። ከጮኸ ሁላችሁም ውጡና ባለሙያ ጥሩ። ባለሙያውንም ለማንኛውም ቶሎ ጥሩ!»

ተረኛ ነበረችና ወደ ሥራዋ ሮጠች። ሮጦ የሚሠራ ሰው የስብሰባን ጥቅም አያውቅም። ሊቀመንበሩ ግን ያውቃሉ፤ ወዲያው ጉባኤ ጠሩ።

«ዕቃው ውድ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በጣም ውድ ነው» አለ አማካሪው።

«ውድ ዕቃ የት ይቀመጣል?»

«ቡፌ ውስጥ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቧራ እንዳይነካውም ላስቲኩ እንዳይወልቅ ተወሰነ። መሣሪያው ማንም ጠጥቶባቸው በማያውቅ ስድስት ባለወርቅ ብርጭቆዎችና ሊቀመንበሩ በዘመነ ሥልጣናቸው ለራሳቸው በጻፉት የምስጋና ወረቀት መካከል ክብር ያለው ቦታ ተሰጠው። የመስታወቱ በርም ተቆለፈ።

«እናቴ እኮ ቡፌ ውስጥ አይደለም የምትተኛው!» አለች ሴትየዋ።

«ታዛቢ አስተያየት አይሰጥም» አለ አማካሪው። «ሻዩ ቀዝቅዟል ደግሞ።»

መሣሪያው ሁለት ሳምንት በሰላም አገለገለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ ወደ ቡፌው እያመለከቱ «በዚህ ቤት ለሕይወት ዋጋ እንሰጣለን» ይሉ ነበር። አሮጊቷ በዚያ ሰዓት ከኋላ ክፍል ባልዲ ታቅፈው ያስመልሱ ነበር።

አንድ ጠዋት ሴትየዋ የቡፌውን ቁልፍ ከባሏ ኮት ኪስ አወጣች። ላስቲኩን ቦጭቃ መሣሪያውን ከእናቷ በር አጠገብ ሰቀለችው። ሊቀመንበሩ ገላቸውን መታጠብ ጀምረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደወሉ ቤቱን በጩኸት ሰነጠቀው። እናቷን ደግፋ ግቢ አወጣች። ሊቀመንበሩ ፎጣ አገልድመው፣ ጆሯቸው ላይ አረፋ እንዳለ ብቅ አሉ።

«ማነው ያለ ፈቃድ የሚጮኸው?»

አስቸኳይ ጉባኤ ተቀመጠ። አማካሪው ነገሩን በጥልቀት መረመረ። «ቡፌ ውስጥ ሁለት ሳምንት ትንፍሽ ሳይል የኖረ ጨዋ ዕቃ፣ እዚህ በመጣ በአንድ ጠዋት ባለጌ ሆነ። ያበላሸው የቦታ ለውጡ ነው።» በዚሁ መሠረት መሣሪያው ወደ ቀድሞ ክብሩ፣ አሮጊቷም ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ባትሪዎቹ ግን ወጥተው፣ ለተሻለ አገልግሎት፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ተዛወሩ። ባለሙያ የመጥራቱ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

የሚቀጥለው ጠዋት ከሚቀጥለው ስብሰባ ቀደመ። ሊቀመንበሩ ታጥበው እንዳበቁ ሴትየዋ ለእናቷ ቁርስ ይዛ ብትገባ አሮጊቷ አይናገሩ፣ አይላወሱ። «እማዬ! እማዬ!» አዝላቸው ወጣች። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ዓይናቸውን የገለጡት ከብዙ ጭንቅ በኋላ ነው። ሐኪሙም «ትንሽ ብትዘገዪ አታገኚያቸውም ነበር» አላት።

እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሊቀመንበሩ «መሣሪያው ከቡፌ ሆኖ ባለማስጠንቀቁ» የሚል የክስ ደብዳቤ እያረቀቁ ነበር።

ሴትየዋ እናቷን ሰፊ መስኮት ባለው በሊቀመንበሩ መኝታ ቤት አስተኛች። የባሏን ፍራሽ፣ ትራስና ነጠላ ጫማ ጎትታ ኋለኛው ክፍል አነጠፈችላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክፍልህ ነው።»

«እዚህ? ከማሞቂያው ሥር?»

«ምን አለው? ማሞቂያው ሳይሆን እርጅና ነው ብለህ የለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትፈጂኝ ነው እንዴ! ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ በምን አውቄ አመልጣለሁ? መሣሪያውም ባትሪ የለውም! ደግሞስ ሳሎን ተቆልፎበት እዚህ ያለውን በምን አፍንጫው ያሸተዋል?» ድንገት ግንባራቸውን ያዙ። «ይኸው! ይኸው ራሴን ፈለጠኝ! አዞረኝ!»

ጉባኤ አልተጠራም። አማካሪው ባትሪዎቹን ከሪሞቱ መንጭቆ መሣሪያውን ይዞ በረረ፤ ከኋለኛው በር አጠገብም ሰቀለው። ሊቀመንበሩ ከግቢ ሆነው በስልክ «ሰው እያለቀ ነው፣ ድረሱ!» እያሉ ጮኹ። ስድስት ዓመት ያልተጠራው ባለሙያ በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ማሞቂያውን ከፍቶ አየና የጭስ ማውጫው ቱቦ ተነቅሎ ወደ ክፍሉ እንደዞረ አገኘ። ከዚያ ወደ ጋዙ መዝጊያ ጎንበስ አለ።

«ይሄንን ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ፤ «ጠዋት እናቴን ይዤ ስወጣ። መስኮቱንም ያኔ ነው የከፈትኩት።»

ባለሙያው ግቢ ውስጥ ጭንቅላታቸውን በእርጥብ ፎጣ አስረው የሚያቃስቱትን ሊቀመንበር በመስኮት አየ። «ታዲያ እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው?»

ሴትየዋ የባሏ ጩኸት እናቷን እንዳይቀሰቅስ የተኙበትን መኝታ ቤት በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው።