የውሰት ጸሐፊ

«ውሰት ነው እንጂ ሹመትም ዝውውርም አይደለም» አሉኝ አለቃዬ ፊታውራሪ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «የአምባ ጊዮርጊሱ ጸሐፊ ከሕመሙ እስኪሻለው ነው። ገዥው ቀኛዝማች ሰው አውሱኝ ብለው ቢለምኑኝ አንተን መረጥሁ።»

ይህን ብለው ተነሡ። ፊታውራሪ ከወንበራቸው ሲነሡ እጅ የማይነሣ ጸሐፊ በጎንደር መሥሪያ ቤታችን የለም። ወገቤ ቀደመኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

መቼም ከጎረቤት ያልተዋሰ ሰው የለም። ወንፊት ትዋሳላችሁ፣ መሰላል ትዋሳላችሁ። በቅሎ ስትዋሱ ደግሞ ገብሷን የምታበሉት እናንተ ናችሁ፤ ባለቤቷ በየማለዳው ገብስ ተሸክሞ ደጃችሁን አያንኳኳም። ለዚህ ዳኛ አላስፈለገም። ሰው በውሰት ሲሄድ ግን ገብሱ የማን እንደ ሆነ አገሩ ገና አልቆረጠም። የሚጠይቅም የለም። ነውር ነዋ።

ከበሩ ውጭ አያ አድማሱ ቆመው ይጠብቁኛል። ከጣልያን በፊትም ከጣልያን በኋላም በዚያው ጠረጴዛ ላይ የጻፉ አንጋፋ ባልደረባዬ ናቸው። ነገሩን ነገርኋቸው።

«ደመወዝህን ማን ሊከፍል?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁም።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ጸሐፊው እስኪሻለው።»

«ባይሻለውስ? ወንበርህስ?»

ዞር ብዬ የፊታውራሪን በር አየሁ።

«ሰው ጠይቆ እጅ ይነሣል እንጂ እጅ ነሥቶ ይጠይቃል? እጅ ከነሣህማ ተስማምተሃል። በቅሎ ብትሆን እንኳ ስለ ገብስህ የሚያስብልህ አይጠፋም ነበር።»

ተመልሼ ልግባ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጅ ነሥቶ የተመለሰ ሰው ቅር ብሎት ነው ይባላል፤ ቅር ያለው ጸሐፊ ደግሞ ከታመመው ጸሐፊ ይብሳል።

እናም በጭነት ማኪና ላይ፣ በጆንያ መካከል ተቀምጬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። የወገራ ነፋስ አያዝንም። ቀኛዝማች ግን አዘኑልኝ፤ ከግቢያቸው ክፍል ሰጡኝ፣ እሳት አስነደዱልኝ። ቀን ቀን የባላገሩን አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ማታ ከገበታቸው እቀርባለሁ። ተመችቶኝ ነበር። ወሩ አለቀ።

ባለቤቴ የብርነሽ ደመወዜን ልትቀበል ጎንደር መሥሪያ ቤት ብትሄድ፣ ገንዘብ ያዡ «የሚያሠራው ይክፈለው» ብሎ መለሳት። በማኪናው ነጂ አፍ የላከችብኝ መልእክት አጭር ነው፦ የቤቱ ባለቤት ለኪራይ ደጅ ደጁን ትመላለሳለች፤ ገንዘብ ካልመጣ ሕፃኑን አዝዬ ዳባት አባቴ ቤት እገባለሁ። የብርነሽ ደግሞ እገባለሁ ካለች የምትገባ ሰው ናት። አባቷም ከገባች በኋላ በቀላሉ የሚመልሷት ሰው አይደሉም።

በዚያው ቀን ቀኛዝማች ዘንድ ሄድሁ። ምሳ ላይ ናቸው። «ምነው ቆምህ? ቅረብ» አሉኝ። ቀረብሁ። «ቀኛዝማች፣ ስለ ደመወዜ...» ልል አፌን ብከፍት ጉርሻ ገባበት። እንደምታውቁት ጉርሻ በአፉ ይዞ ስለ ደመወዝ የሚናገር ሰው አልተፈጠረም። ዋጥሁት። ሁለተኛው መጣ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ከገበታ ርቄ፣ በአደባባይ ጠየቅኋቸው።

ቀኛዝማች አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ። አዘኑ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለብህ? ምግቡ አልተስማማህም? መኝታው በረደህ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለብኝም።»

«እንግዳዬ አይደለህ? እንግዳ ደመወዝ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እጅ ነሥቶ መጣ ብለውኛል።»

ወሬው ከእልፍኝ ደርሶ ኖሮ፣ ማታ እመቤቲቱ ወፍራም ጋቢ ላኩልኝ። ሞቆኝ ተኛሁ፤ ማለቴ ሞቆኝ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ቀኛዝማች አልበደሉኝም፤ የተዋሱትን በሚገባ እያበሉ ነው። ችግሩ በቅሎ ቤት አትከራይም።

ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጎንደር ወረድሁ። በመንገድ ላይ ጥያቄዎቼን እንደ ዳዊት ደገምሁ፦ ማን ይከፍለኛል፣ እስከ መቼ ነው፣ ወንበሬስ? ከመሥሪያ ቤቱ ስደርስ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ተቀምጦበታል። ቀይ ዳማ፣ ትሑት ሰው።

«ከሳንጃ ነኝ» አለኝ ከወንበሬ ብድግ ብሎ። «በውሰት ነው የመጣሁ።»

«ደመወዝዎን ማን ይከፍልዎታል?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።»

«እጅ ነሥተዋል?»

«ታዲያስ!»

አያ አድማሱ ክንዴን ይዘው ወደ ፊታውራሪ በር ወሰዱኝ። «ወገብህን ያዝ» አሉኝ በጆሮዬ። «መጀመሪያ ጠይቅ። የብርነሽ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው አሉ።»

ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ገብቼ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ፊታውራሪ ተቀምጠዋል፤ ደግ ነው።

«ፊታውራሪ፣ የምጠይቅዎ ነገር አለኝ።»

«ትጠይቃለህ፣ ምን ቸገረህ። አስቀድሞ ግን ቀኛዝማች አመስግነውሃል፤ ሸጋ ሰው ሰጡኝ ብለዋል። ያ ጸሐፊም ተሽሎታል አሉ።» ፈገግ አሉ። «አሁን የቸገረው ሳንጃ ነው። ጸሐፊያቸውን በአንተ ቦታ ለእኛ አውሰው ባዶ ቀሩ። እኔም ማንን ልላክላቸው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንተን አሰብሁ።»

ይህን ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ስወጣ ዘበኛው ከኋላዬ በሩን ዘጋው።