የሊፍት መካኒኩ ሹመትና የተሳካለት ሽረቱ

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራውን እንዳይሠራ ማድረግ የሥልጣኔ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ዓለም ይህን ታላቅ እውነት ገና አልደረሰበትም። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን ደርሶበት፣ በመመሪያ አጽድቆ፣ ማኅተም አሳርፎበት ሥራ ላይ አውሎታል።

መሥሪያ ቤታችን ለሱቆች የማስታወቂያ ሰሌዳ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ የተከበረ ተቋም ነው። ያለው ሊፍት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዕድሜ የጠገበ፣ ሲወጣም ሲወርድም የሚያቃስት። ይህን ሊፍት በሕይወት ያቆየው አንድ መካኒክ ነበር። ጠዋት ሰማያዊ ቱታውን ያጠልቅና ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ወደ ሞተር ክፍሉ ይወጣል። በፉጨቱ ከሙያው ባልተናነሰ ይኮራል። ምሳውን እዚያው ሞተሩ አጠገብ ይበላል፣ ማንንም አያማም፣ ስብሰባ ሲጠራም «ሊፍቱን ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ብሎት ሲኖር እያዩ ዝም ማለት ለአስተዋይ አመራር ከባድ ነው።

አንድ ቀን ዋና ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋም በጎናቸው ተቀምጣለች።

«ስንት ዘመን ሊፍት ስትጠግን ኖርክ?» አሉት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው የጀመርኩት።»

«ታዲያ ማደግ አትፈልግም?»

«አድጌያለሁ እኮ፤ የልጆች አባት ነኝ።»

«በሥራ ማለቴ ነው! ወደ ላይ መውጣት!»

«ወደ ላይማ ስወጣ ነው የምውለው።»

ሥራ አስኪያጁና ኃላፊዋ ተያዩ። «ጌታዬ፣» አለች ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ የተነሳሽነት ማነስ ነው። በጊዜ ካልተያዘ ይተላለፋል።»

ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ። ቢደነግጡም አይፈረድባቸውም። ሥራውን የሚወድ ሰው በአንድ ፎቅ ላይ ከተገኘ ነገ በሌላው ፎቅ ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ደግሞ በዕድገት ተስፋ አይደለል፣ በዝውውር አይስፈራራ። መሥሪያ ቤቱ በምን ሊተዳደር ነው?

ስለዚህ የተነሳሽነት አሠልጣኝ ተጋበዘ። ሰውየው መድረኩ ላይ ወጥተው «ከተቀመጣችሁበት ተነሱ!» እያሉ ሲጮኹ ስለዋሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው አቶ ተነሱ ሆኖ ቀረ። በግድ የመጣው መካኒክ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ተነስተን ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ላይ!»

«ሁላችንም ላይ ከወጣን ታች ማን ይቀራል?»

አቶ ተነሱ ፈገግ አሉ። «አሸናፊ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም» ብለው መለሱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጥያቄው ግን እንዳለ ነበር።

በሳምንቱ መካኒኩ የቋሚ ንብረቶች አቅም ግንባታ ክትትል መምሪያ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። መምሪያው ምን እንደሚሠራ እሱ አያውቅም፤ የሾሙትም አያውቁም። በዚህ ረገድ በመካከላቸው ፍጹም መግባባት ነበር። የሚሽከረከር ወንበር፣ የፕላስቲክ አበባና ክራቫት ተሰጠው።

ቤቱ ደስታ በደስታ ሆነ። ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ «የኔው ባል እኮ ኃላፊ ሆነ!» ስትል ዋለች። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ያ ግራሳሙ» ሲሉት የኖሩት አማቱ ድንገት «አንቱ» ይሉት ጀመር። ሾርባ እንኳን ሲያቀርቡለት ብድግ ብለው ነው።

እሱ ግን ከሳ። ጠዋት ቢሮው ገብቶ በሩን ያያል፣ ከሰዓት መስኮቱን ያያል። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ ስትገባ የሚሽከረከረውን ወንበር ብሎን በብሎን ፈታትቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶት አገኘችው።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ክትትል» አላት ቀና ሳይል።

ማታ እራት ላይ ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። «አንተ፣ ድሮ ስታፏጭ ዝም በል እያልኩ ስጨቀጭቅህ እኖር ነበር። አሁን ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«ኃላፊ አያፏጭም ተብዬ ነዋ።»

«ማን አለህ?»

«እናትሽ።»

ሊፍቱስ? ለሊፍቱ ተተኪ መካኒክ ተቀጥሮለት ነበር። እሱ ግን የአቶ ተነሱን ሥልጠና ወስዶ ክፉኛ በመነሳሳቱ ሊፍቱን በቅጡ ሳይተዋወቅ ምክትል ኃላፊ ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሊፍቱ ግን ቀስ በቀስ መሄዱን ተወ።

አቶ ተነሱ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና የመጡ ዕለት ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በር ላይ ተቀብለው ሊፍት ውስጥ አስገቧቸው። የዕለቱ ርዕስ «ማንም አያቆመንም» የሚል ነበር። አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ መካከል ሲደርሱ ቆሙ።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። የቀድሞው መካኒክ ክራቫቱን እየፈታ፣ ካቻቢቴውን እየመዘዘ እየሮጠ መጣ። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋ እጇን ዘርግታ አገደችው።

«ይቆዩ! በመመሪያው መሠረት ኃላፊ መሣሪያ አይነካም። የመዋቅር ጥሰት ይሆናል።»

«ሰው እኮ ነው ውስጥ ያለው!»

«ሰው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም በሥርዓት መሆን አለበት።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«መጀመሪያ ከደረጃዎ ዝቅ ማለት አለብዎት። ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ...» ብላ በጣቷ የሊፍቱን በር አመለከተች።

ከውስጥ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተሰማ። «ምን ትጠብቃላችሁ? አየር አጠረን!»

ኃላፊዋ አፏን በሩ ስንጥቅ ላይ ደቅና ሁኔታውን በዝርዝር አስረዳች። ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ በሩን ደበደቡ።

«በቃ፣ ዝቅ ብሏል!»

«ጌታዬ፣ በቃል አይሆንም።»

ወረቀትና እስክሪብቶ በስንጥቁ ገባላቸው። ፈርመው መለሱ። ኃላፊዋ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ አልተገለጸም። ጥፋት የሌለበትን ሰው ዝቅ ማድረግ ሕገ ወጥ ነው።»

«ምን አጠፋ ልበል? ምንም የሠራው ነገር የለም እኮ!»

«ምንም አለመሥራት የኃላፊ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፣ ጌታዬ።»

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያስብ ጀመር። ከውስጥ አቶ ተነሱ «እማዬ!» ሲሉ ተሰማ። ያን ጊዜ የቀድሞው መካኒክ ፊቱ በራ።

«ወንበሬን ፈታትቼዋለሁ!» አለ። «አንዱ ብሎን እስካሁን አልተገኘም!»

«ንብረት ማበላሸት!» ኃላፊዋ በደስታ ጮኸች። «ይበቃል! ይሄ ይበቃል!» ወረቀቱ እንደገና ገባ፣ ተሟልቶ ወጣ። «እንግዲህ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ዝቅ ብለዋል። በል አንተ፣ ቶሎ በል፣ ምን ይገትርሃል!»

በደረጃው ሽቅብ በረረ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ፣ ከሞተር ክፍሉ፣ ፉጨት ተሰማ። ሊፍቱ አንዴ አቃስቶ አምስተኛ ፎቅ ደረሰና በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ በላብ ተጠምቀው ወጡ። አቶ ተነሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል። «ተነሱ፣ አቶ ተነሱ» ቢባሉም አልተነሱም፤ ደግፈው አወጧቸው።

ሥራ አስኪያጁ መካኒኩን አቀፉት። «ጀግና ነህ! ለዚህ ውለታህ የምክትልነት...»

«ጌታዬ፣» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ፣ «ሊፍቱ ሌላ ቀን ቢያቆምዎትስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሹመቱን ተዉት። ብልህ ሰው ናቸው።

ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሚስቱ ቱታውን እንደገና አጥልቆ አይታው ሳቀች። አማቱም «እሰይ!» አሉ፣ «አንቱ ስልህ ምላሴ ሊደርቅ ነበር። በል፣ ሾርባህን ራስህ ቅዳ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መሥሪያ ቤታችን ከስህተቱ ተማረ ያሰኝ ነበር። ለዚህ ሐሜት ግን በር አልከፈትንም። አቶ ተነሱ ጥቂት አርፈው በአዲስ ሥልጠና ተመለሱ። ርዕሱ «ዝቅ በሉ!» ነው። የስኬት ምሥጢር መውረድ መሆኑን የደረሱበት ሊፍቱ ውስጥ እንደሆነ በእንባ ተናገሩ። «ያንን መካኒክ እዩት!» አሉ። «ዝቅ አለ፣ ደስታን አገኘ!»

ጭብጨባው አሁንም አዳራሹን አናጋው። በማግስቱ ኃላፊዎች ሁሉ ለመውረድ ተሰለፉ። ዝቅታ በውድድር ሆነ፣ የአሥር ዓመት ልምድ ተጠየቀበት፣ ዝቅታው ለዘመድ እየተሰጠ ነው የሚል አቤቱታም ጎረፈ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሁሉም በላይ ስለሆኑ ከሁሉም በታች ያለውን ቦታ፣ የበር ጥበቃውን፣ በከፍተኛ ነጥብ አሸነፉ።

ችግሩ በሩ ላይ ዘበኛ መኖሩ ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ ተጠርቶ ለቦታው የሚመጥን ተነሳሽነት እንደሌለው ተነገረው። «ኧረ እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለ ቢለምንም ታች ክፍት ቦታ ስላልነበረ ወደ ላይ ተገፋ። ባዶ የተገኘው ወንበር ደግሞ አንድ ብቻ ስለነበር እዚያው ላይ አስቀመጡት።

አሁን ዋና ሥራ አስኪያጃችን ዘበኛው ነው፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆመው ይፈትሻሉ። ይህ ከሆነ ከራርሟል። ለውጥ መኖሩን ግን እስካሁን አንድም ባለጉዳይ አላስተዋለም።