ሳይፈታ የተመለሰው ብልቃጥ

ዛሬ መርሳ ከተማ ላይ ከኔ በላይ የተዋረደ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ግን ስሙኝ።

በሲባጎ የብልቃጥ ልብስ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ቋጠሮ በቋጠሮ። እዚሁ ፖስት ሳደርግ «ማክራሜ ነው የሚባለው» ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ።

ግንባር ላለው ልጄ ለይርጋ በቅቤ የታሸ ጭኮ በብልቃጥ ላክሁለት። መኪና ላይ እንዳይሰበር ክዳኑን ጨምሬ በሲባጎ ቋጠርኩት። በየቋጠሮው አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ። ጥብቅ አድርጌ!

ዛሬ ማለዳ በር ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች። መሃላቸው አንድ ወታደር። እጁ ላይ የልጄ ብልቃጥ።

አልተነካም።

በዚህ ጦርነት ሽማግሌ በማለዳ ደጅ ከቆመ መርዶ ነው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

አንድ ቃል ሳይናገሩ ጮህኩ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የእድሩ ድንኳን ወጣ። አንዷ ጎረቤቴ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነበር!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። አምና «ይሄ ዱርዬ» ያለችው ራሷ ናት!

እትዬ ዘይነባ ግን የእውነት አለቀሱ። የሳቸው ሁሴን ከዘመተ ወዲህ ድምፁ የለም። አንገቴን አቅፈው አብረውኝ መሬት ወደቁ።

ወታደሩ «እናቴ! እናቴ!» ይላል። ማን ሰምቶት!

በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ይመር፣ በከዘራቸው በሩን መቱት። «አንቺ ሴት፣ ምን ተናገርንና ነው የምትጮሂው! እኛ ከኪዳን ስንመለስ መንገድ ላይ ቢጠይቀን ቤትሽን ልናሳየው ነው የመጣነው!»

ወታደሩ ላቡን ጠረገ። «ይርጋ ደህና ነው እናቴ። ቋጠሮው አልፈታ ብሎት ነው። በሳንጃ እንቁረጠው ብንለው ‹የእናቴን እጅ ሥራ አላስቆርጥም፣ ራሷ ፈትታ ትላክልኝ› አለ።»

እየራበው!

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እልልታ ሆነ። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ተመለሰ። እኔ የምገባበት አጣሁ።

እልልታው ሲበርድ እትዬ ዘይነባ የወታደሩን እጅ ያዙ። «የኔንስ ልጅ አላየኸውም? ሁሴን ይባላል። ረጅም ነው።»

«አላውቀውም እማማ» አለና አቀረቀረ።

እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ። አንዱ እንኳ ተገኘ።» ብልቃጡን አገላብጠው አዩት። «ለሁሴንም አንድ ሥሪለት። ግን እንዲፈታለት አድርገሽ።»

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ የሁሴንን እየሠራሁ ነው። አላልቶ መቋጠር ለካ እንዲህ ይከብዳል! እጄ እየሳበ ያጠብቀዋል። የምታውቁ ኮሜንት ላይ አስተምሩኝ።

ሲያልቅ በማን እጅ እንደምልከውም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።