ልብ ያበዛው አናጢ

አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው ጎረቤት ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የአናጢው የግርማ ጎረቤት ነበርኩ። ራውተር የሚባለውን እንጨት ፈልፋይ ማሽን የገዛ ሰሞን ከኮምፔርሳቶ የልብ ፎርማ ቆረጠ። ማሽኑን በፎርማው ዳር ዳር ማስኬድ ብቻ ነው፤ ልብ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ልብ የሌለው ዕቃ ከእጁ አልወጣም። የዶሮ ቤት በር ላይ እንኳን አወጣ። ዶሮዎቹ ምን እንደተሰማቸው እንጃ።

ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራው ዘነበች የሠርጓን አልጋ ስታዝ፣ "ጋሽ ግርማ፣ የኔን ያለ ልብ ያድርጉልኝ" አለችው።

"እሺ እህቴ" አለ። ግን አላስቻለውም። የሠርጉ ዋዜማ ፎርማውን ራስጌው ላይ አስሮ፣ ስለ ማሽኑ እያወራኝ ሲፈለፍል ፎርማው ተንሸራተተ። ልቡ ወደ ጎን ተለጠጠና ጅራት አወጣ። ሌላ ሳንቃ ደግሞ የለም።

ዘነበች መጥታ አየችው። "ልብ አልፈልግም ብዬ አልነበር?"

"ልብ አይደለም" አለ ግርማ ላቡን እየጠረገ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አንገቷን ዘንበል አድርጋ ደግማ አየችውና ሳቋ አመለጣት።

"ዓሣ ነው። ዓይን ብቻ ይጨምሩለት።"

ዓይኑን በመሮ አወጣላት፤ አልጋውም በደስታ ተጭኖ ሄደ። በማግስቱ ግርማን ምን ሲያደርግ ያገኘሁት ይመስላችኋል? የዓሣ ፎርማ ሲቆርጥ።