የእህል ነጋዴ ልጅ ኪሎ

የእኛ አገር ሰው የአባትን ኑሮ ከልጁ ጉንጭ ላይ ማንበብ ይወዳል። ጉንጯ ሞላ ያለ ልጅ ካየን ቤታቸው ሙሉ ነው እንላለን፤ አንገቷ የቀጠነች ካየን ደግሞ አባትየውን ከላይ እስከ ታች እንገረምመዋለን። እኔን እንግዲህ ምን ይዋጠኝ? ደብረ ታቦር ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ስንዴው መጋዘኔ ውስጥ ጣሪያ ነክቷል። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሰብለ ግን ነፋስ የሚወስዳት ነች።

ሰሞኑን በትምህርት ቤቷ ልጆች ሁሉ ተመዘኑ። ሰብለ ኪሎዋ ከእድሜዋ በታች ስለሆነ፣ የጤና ባለሙያዋ ሲስተር ቤት ድረስ መጥታ አመጋገቧን ታያለች ተባለ። ጆንያ የሚሸከምልኝ የአያሌው ልጅ ደግሞ ደህና ነች ተብላለች። ስሙልኝ እንግዲህ! የተሸካሚው ልጅ ደህና፣ የባለ ጆንያው ልጅ ከሲታ። ይሄ ወሬ ገበያ ቢወጣ ምን እሆናለሁ? ብቀመጥ አላስችል አለኝ፣ ብቆም አላስችል አለኝ። መጀመሪያ ሚዛኑ ነው የተበላሸው ብዬ ነበር፤ ሚዛን እንዴት እንደሚበላሽ ነጋዴ አይነገረውም። በነጋታው ሹራቧን ሳለብሳት ግን ክንዷ በእጄ ውስጥ ጠፋብኝ። ያኔ ወሬውን ረሳሁትና ፈራሁ።

ባለቤቴ ሙሉ የጨነቃት ሌላ ነው። ሲስተር ቤታችንን እንዳትንቀው ብላ በግ አሳረደች። ሲስተር ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ከጉና የመጡት አጎቴና ከአንበሳሜ የመጡ ደንበኞቼም እንደ ልማዳቸው ነበሩ። ሲስተር እኔ ልጅቷ ስትበላ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው ብትል ማን ሰምቷት? ሙሉ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለች አስቀመጠቻት፤ እኔም በጉርሻ አጣደፍኳት። ሰብለ እንዳስተማርናት ሁሉንም አስታጠበችና ግድግዳ ተጠግታ ቆመች። እንግዳ ፊት ልጅ ይቀርባል እንዴ? ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ነች። ሲስተር ልጅቷም ትቅረብ እንጂ ስትል፣ አጎቴ እሷማ የቤት ልጅ፣ ምን አስቸኮላት አሉ። ማዕዱ ሲነሳ የተረፈው አጥንት ነው። እኔም ይህን ሁሉ የበላች ሲስተር እንዴት አድርጋ ቤታችንን ትጠረጥራለች ብዬ ተዝናናሁ።

ሲስተር ሰብለን አጠገቧ አስቀምጣ ዛሬ ምሳ ምን በላሽ አለቻት። ልጄ ዛሬ እንግዳ ነበረብን አለች። ትናንትስ ብትላት፣ ትናንትም እንግዳ ነበረብን። ቁርስስ ስትባል፣ ጠዋት መንገደኞቹ ቀድመው እንደሚበሉና የትምህርት ቤቱ ደወል እንደሚቀድማት በትሕትና አስረዳች። አያሌው ቤትስ እንግዳ አይመጣም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እነሱ ዘንድ ማን ይሄዳል፣ ያለቻቸውን ድንችና ቂጣ ከልጆቻቸው ጋር ከብበው ይበላሉ አለችኝ ሲስተር።

አፈርኩ። በሉ ለልጄ ምግብ አቅርቡ ብዬ ጮህኩ። ሙሉ ከጓዳ ትኩስ ጥብስ ይዛ ሮጠች፤ ሰብለ ወንበር ተሰጣት፤ ሲስተርም ደስ ብሏት ፈገግ አለች። ልጄ የመጀመሪያውን ልትቆርስ ስትል በሩ ተንኳኳ። የሙሉ ወንድም ነው፣ ከሐሙሲት መምጣቱ። ሰብለ ማንም ሳያዛት ተነስታ ቦታውን ለቀቀችለት። እኔስ? እኔማ አማትህ ትወድሃለች፣ ና ቅረብ ስል ራሴን ሰማሁት።