የጋሽ ሀብተሥላሴ የድምፅ መዝገብ

ውሃ ያልገባለት ቀበሌ አለ፤ መብራት ያልደረሰውም ሞልቷል። የመኪና ድምፅ ሰምቶ በሽታዋን የሚናገር ሰው ያጣ ቀበሌ ግን በዚህች አገር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ያለው ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳይለምኑት ያበድራል።

በቦንጋ ይህን ከፍተኛ ሹመት ይዘው የቆዩት ክቡር ጋሽ ሀብተሥላሴ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው፣ ቢፒአር የሚሉት ነገር መጥቶ መሥሪያ ቤቱን ሲያገላብጠው ጡረታ ወጡ። ሲወጡም ሊቃጠሉ የተደረደሩ ሃምሳ ባዶ ፋይሎችን አስፈቅደው ወደ ቤታቸው አስጫኑ። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ "ምን ልታደርግባቸው ነው?" ቢሏቸው "ሥራ መች ይጠፋል" አሉ። እውነትም አልጠፋም። በዓመቱ በከተማዋ የምታቃስት፣ የምትንሿሿና የምታፏጭ መኪና ሁሉ ቁጥርና ቀን ተሰጥቷት፣ "ጉዳዩ፦ ከኋላ ስለሚሰማ ድምፅ" ተብሎ ተጽፎላት በጋሽ ሀብተሥላሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

አብዮት ይህን ያወቀው ግቢያቸው ውስጥ ቤት ተከራይቶ የገባ ዕለት ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ ከሟች አጎቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ የመስክ መኪና ነበረችው። በሩን አልፎ ገና ሳያቆማት ጋሽ ሀብተሥላሴ ከበረንዳቸው ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን አነሱ።

"አጥፋት! አሁን መልሰህ አስነሳት። ጸጥታ! ብረት እየተናገረ ነው!"

ግቢው ጸጥ አለ። የእትዬ አልጋነሽ ዶሮዎች እንኳ ነገሩ ለምዶባቸው ጸጥ አሉ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው ሰሙና "የውሃ ፓምፕ ነው። ከመስቀል አያልፍም" ብለው ወደ ቤት ገቡ። "እንኳን ደህና መጣህ" የተባለው በማግስቱ ነው። መስቀል መጣ፣ አለፈ፤ ፓምፑ ምንም አልሆነ። አብዮት ይህን ቢያስታውሳቸው ቅንጣት ታህል አላፈሩም። "ስለተነገረበት ፈርቶ ተስተካከለ" አሉት።

አሠራራቸው ሕግ ነበረው። መጀመሪያ መኪናዋን ሳያዩ ባለቤቷን ይሰማሉ። "እስቲ በአፍህ አምጣው" ይላሉ። ሰው የሚያከብራቸው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አንድ ጊዜ ከረባታቸውን እንዳሰሩ በረንዳው ላይ ቆመው "ግርርርር" ብለዋል።

"ሲታጠፉ ነው ወይስ በቀጥታ?" ጋሽ ሀብተሥላሴ ጠየቁ።

"ወደ ቀኝ ስታጠፍ ነው።"

"እንግዲያው ወደ ቀኝ እየዞሩ ይበሉት።"

ዳይሬክተሩ እየዞሩ አሉት። ሁለት ተማሪዎች በአጥር አይተው ኖሮ ነገሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ አልጠፋም።

ሁለተኛው ሕግ ዝምታ ነው። የዘንጋቸውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ መያዣውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ማንም መተንፈስ የለበትም፤ በዚያ ሰዓት ያስነጠሰ ሰው ዳግመኛ አይጋበዝም። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ ጤነኛ የሚባል ድምፅ አለመኖሩ ነው። ሃምሳው ፋይል ቢገለጥ "ምንም የለበትም" የሚል አንድ መስመር አይገኝበትም።

ከዋጫ የመጣ ሚኒባስ ወለሉ ሥር ሲንጫጫ ሰምተው "የኋላ ኩሽኔታ! አንድ ሳምንት አይቆይም!" ብለው ፈርደውበታል። ኩሽኔታ የተባለው አንዲት ተሳፋሪ ከወንበር ሥር አስራ ያስቀመጠችው አውራ ዶሮ ነበር። ዶሮው ሲወርድ ድምፁም ወረደ፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ፋይሉ ላይ "ድምፁ በራሱ ጊዜ አቁሟል" ብለው ፈርመው ዘጉት። ሌላ ጊዜ ቀብር ላይ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በቆመበት፣ ቁልቁለቱን የሚወርድ የጭነት መኪና ሰምተው ጣታቸውን ወደ ሰማይ አንስተው "ካምቢዮ!" አሉ። የሟች ዘመዶች ይህን ይቅር ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን እኚህ የመኪና ሊቅ መኪና ውስጥ መቀመጥ አለመቻላቸው ነው። ያዞራቸዋል፤ ገና ከከተማው ሳይወጡ ያስመልሳቸዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ከቦንጋ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ሲጠየቁም "ሐኪም በሽተኛው ላይ አይቀመጥም" ብለው ይመልሳሉ።

አብዮት በዚህ ሁሉ ሲስቅ ከርሞ በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሳቁ ቆመ። ሚስቱ ናዝራዊት ቢታ ገነት የተመደበች ነርስ ናት። ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው የዝውውር ማመልከቻዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ባልና ሚስቱን በየአሥራ አምስት ቀኑ የምታገናኛቸው ያቺው አሮጌ መኪና ነበረች። አሁን ናዝራዊት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሰኞ ዕለት ደወለችለት።

"ልጁ በመቀመጫው ነው ያለው፤ አልዞረም" አለችው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትናገር ረጋ ብላ። "እዚህ መውለድ አልችልም፤ ሆስፒታል መቅረብ አለብኝ። ቅዳሜ ና። ካልመጣህ ቡና የሚጭነው መኪና ላይ እሳፈራለሁ።"

"አብደሻል? በዚያ መንገድ? በጭነት መኪና?"

"እንግዲያው ና።"

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ ከወለሏ ሥር ጠጠር እንደያዘ ወፍጮ መፍጨት ጀመረች። የከተማዋ መካኒክ ሰላሐዲን መለዋወጫ ሊገዛ ጅማ ወርዶ ነበር፤ ጋራዡ እስከሚቀጥለው ሰኞ ተዘግቷል። አብዮት ምርጫ አጣ። በገዛ እግሩ በረንዳው ፊት ቆመና እፍረቱን ዋጥ አድርጎ "ግርርርር… ቅጭ! ግርርርር… ቅጭ!" አለ።

የጋሽ ሀብተሥላሴ ፊት እንደ ሙሽራ በራ። "ድገመው" አሉት።

ረቡዕ "የፊት ጎማ ኩሽኔታ" ተባለ። መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ እያዞሩ፣ በዘንግ እየሰሙ፣ ግራሶ ሲቀቡ ዋሉ። ድምፁ እንዳለ ነው። ሐሙስ "ካምቢዮ" ተባለ። አብዮት ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለቱን ሲለቃት ጋሽ ሀብተሥላሴ ዘንጋቸውን ይዘው ከኋላ ሮጡ። ማርሽ ሳይኖራትም ፈጨች፤ ካምቢዮ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ዓርብ ኋላ ያለው "ዲፈረንሻል" ነው ተብሎ ዘይቱ ተቀየረ። ያው ነው።

"ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ትናንት ካምቢዮ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!"

"ትናንት ትክክል ነበርኩ። በሽታው ተዛውሯል።"

"በሽታ እንዴት ይዛወራል?"

"አንተ ከደብረ ብርሃን እንዴት ተዛወርክ?"

አብዮት እጁ ላይ የነበረውን ካቻቢቴ መሬት ላይ ወረወረው። "ሚስቴ ናት! ፋይል አይደለችም! ነገ መሄድ አለብኝ፤ እርስዎ ግን በእኔ ይጫወታሉ!" ብሎ ጮኸባቸው። እትዬ አልጋነሽ ከቤት ወጥተው ቆሙ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ፤ አብዮትም ያን ያህል በመናገሩ ራት ሳይበላ ተኛ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የመኪናውን በር ቢከፍት ጋሽ ሀብተሥላሴ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ስድስት ሎሚ በፌስታል ይዘው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ድምፁ ግቢ ውስጥ አልተገኘም" አሉ። "ያለው መንገድ ላይ ነው።"

"ያዞርዎታል እኮ።"

"ያዙረኝ። ንዳ።"

ዋጫ እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ አስመለሳቸው። በመሀሉ የዘንጋቸውን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ መያዣውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ከዋጫ አለፍ ብለው፣ ዛፎቹ መንገዱን የሸፈኑበት ሜዳ ላይ "አቁም" አሉና ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጭቃው ላይ ተንጋልለው ከሥር ገቡ። ከፊት ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰውን ረጅም ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ቅጭ አለ። ሲወጡ ጣቶቻቸው በዝገት ዱቄት ቀልተዋል።

አብዮት ጣታቸው ወደ ሰማይ እስኪነሳ ጠበቀ። አልተነሳም።

"ክሮቸራ ነው" አሉ በዝግታ። "ብረቱን ከካምቢዮው የሚያጋጥመው መስቀለኛው። አልቋል።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛማ ስሆን ሰንብቻለሁ። ይሄን ግን በእጄ ይዤዋለሁ።"

"ያደርሰናል?"

"ከሁለተኛ ማርሽ ካላለፍክ ያደርስሃል። ቢበጠስ እንኳ መሬት እንዳይነካ እናስረዋለን። ለእሷ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። የያዘችው ይበቃታል።"

ቢታ ገነት ሲደርሱ ጋሽ ሀብተሥላሴ አንድ ንብ አናቢ ፈልገው ቀፎ ወደ ዛፍ የሚጎትትበትን ጠንካራ ገመድ ለመኑት፤ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ሲነጋገሩ ቆይተው ይዘው መጡ። ብረቱን መዞር እንዳይከለክለው ላላ አድርገው በሦስት ዙር ከመኪናዋ ወገብ ጋር ሲያስሩ ናዝራዊት ሆዷን ደግፋ ደረሰች።

"ገመዱ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ለዕቃሽ ነው ልጄ።"

"ዕቃዬ እኮ ውስጥ ገብቷል።"

"ይታሰር፤ አይጎዳም" አሉና ኋላ ከጎኗ ተቀመጡ።

መኪናዋ ገና ስትንቀሳቀስ ፈጨች። ያኔ ዕድሜ ልካቸውን "ጸጥታ!" ሲሉ የኖሩት ሰው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቦንጋ እስኪገቡ ሰባት ሰዓት ሙሉ አልከደኑትም። ዘጠኝ ዓመት የጠፋ ደብዳቤ ከቴርሞስ ሥር እንዴት እንደተገኘ ተረኩ። እትዬ አልጋነሽን ለጋብቻ ሊጠይቁላቸው የሄዱ ሽማግሌዎች ተሳስተው ጎረቤት ቤት ገብተው ምርቃት ጨርሰው እንደወጡ ተረኩ። ዳገት ላይ መፍጨቱ ሲብስ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ በጣም ሲብስ ይዘፍናሉ። ድምፃቸው ለዘፈን የተፈጠረ አልነበረም። በየመሀሉ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው አስመልሰው፣ ሎሚ መጥጠው "ምን ላይ ነበርኩ?" ይላሉ። "ሽንቴ መጣ" እያሉ ያስቆሙና ከሥር ገብተው ክሮቸራው መጋሉን በመዳፋቸው ዳስሰው ይመለሳሉ።

አብዮት መሪውን ጨብጦ በመስታወቱ ያያቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ግን ያወራሉ። ዓርብ የጮኸባቸው ትዝ አለው። ወደዳቸው፤ እንደ አባቱ ወደዳቸው። ናዝራዊት ትስቃለች፤ አንዳንዴም እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች።

ሳይመሽ ገቡ። እሑድ ናዝራዊት በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች።

በስምንተኛው ቀን ከሆስፒታል ስትመለስ ጎረቤቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል ግቢውን ሞላው። ሰላሐዲንም የዚያን ዕለት መጥቶ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር። ድንገት ከሥር ጮኸ።

"ክሮቸራ! ኧረ ይሄ ነገር ሊበጠስ አንድ ክር ነው የቀረው! ነፍሰ ጡር ይዘህ የመጣኸው በዚህ ነው?"

"ጋሽ ሀብተሥላሴ ዲፈረንሻል ነው ብለው አልነበር?" አለ አንዱ።

"ካምቢዮም ብለዋል!" አለ ሌላው።

"ኩሽኔታም ብለዋል!" ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አብዮት ሊናገር አፉን ሲከፍት ጋሽ ሀብተሥላሴ በዓይናቸው ከለከሉት፤ ናዝራዊት በረንዳው ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በትክክል ያገኙትን በሽታ ሌላ ሰው ሲያውጅላቸው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመው "ሰላሐዲን ጎበዝ ነው። የተማረ ልጅ ነው" አሉ።

"ጋሼ" አለች ናዝራዊት። ሳቁ በረድ አለ። "እኔ እኮ ከቢታ ገነት ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ገመዱንም አይቻለሁ። ሽንቴ መጣ እያሉ ዘጠኝ ጊዜ ከሥር ገብተዋል፤ ቆጥሬያለሁ። ያልተናገርኩት ወሬውን እንዳያቋርጡብኝ ብዬ ነው።"

ሰላሐዲን ከመኪናዋ ሥር አንገቱን ብቻ አውጥቶ ሽማግሌውን አያቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ፤ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሳቱት። በዚህ መሀል ሕፃኗ ነቅታ በኃይል አለቀሰች።

"ጸጥታ!" አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እጃቸው በልማድ ተነስቶ።

ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ዶሮዎቹም ዝም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው ለረጅም ጊዜ ሰሙ። አብዮት ሳያውቀው ትንፋሹን ይዞ ነበር።

"ይሄ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ምንም የለበትም።"